ምጽዋት ወይስ ዕዳ? ከመተማ ድንበር የምንማረው የረኃብና የእርዳታ ታሪክ



ከጎንደር ተነሥታችሁ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ ብትጓዙ ደጋው ቀስ በቀስ ወደ ቆላ ይወርዳል። አይከልን፣ ነጋዴ ባሕርን፣ ገንዳ ውኃንና ኮኪትን አልፋችሁ፣ በሰሊጥና በማሽላ እርሻዎች መካከል ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላ መተማ ዮሐንስ ትደርሳላችሁ። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ከተማ ጋላባት ናት፤ ሱዳን ናት። ሁለቱን ከተሞች አንድ ፀሐይ ታቃጥላቸዋለች፣ አንድ ዝናብ ያበቅልላቸዋል፣ ያው ዝናብ ሲቀር ደግሞ ሁለቱም ይራባሉ።

መተማን ብዙዎቻችን የምናውቃት በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወራት፣ መጋቢት 1 ቀን በዚያ በተደረገው ጦርነት ቆስለው በማግስቱ ዐርፈዋል። ከተማዪቱም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። ዛሬ የምናነሣው ግን ጦርነቱን ሳይሆን በዚያው ዘመን በድንበሩ በሁለቱም ወገን የወደቀውን ረኃብና ከዚያ በኋላ በዚህ ድንበር ያለፈውን የመረዳትና የመርዳት ታሪክ ነው።

ጥያቄያችን ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ በድርቅ፣ በጎርፍ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ወይም በወረርሽኝ ሲመታ፣ ከእርሱ የራቀና ሀብታም የሆነ ሀገር ሊረዳው የሚገባው በቸርነት ነው ወይስ በግዴታ? ብዙ ጊዜ ተረጂ ሆነን ስለ ኖርን ጥያቄው የሌሎች ብቻ ይመስለናል፤ «ሀብታሞቹ ይመልሱት» እንላለን። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስንከታተለው ግን ጥያቄው ዞሮ ወደ ደጃችን ሲመጣ እናያለን።

ዘኬዎስ የከፈላቸው ሁለት ክፍያዎች

ጌታችን ወደ ኢያሪኮ በገባ ጊዜ የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ በቤቱ ተቀበለው። በዚያች ቀን ዘኬዎስ የተናገረው ቃል በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ተጽፎ ይገኛል። በጥንቃቄ ስናነበው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቃል እንደ ገባ እናስተውላለን። የመጀመሪያው ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች መስጠት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በግፍ የወሰደበት ሰው ቢኖር አራት እጥፍ አድርጎ መመለስ ነው። አንደኛው ካለው ላይ የሚያካፍለው ነው፤ ሁለተኛው የበደለውን የሚክስበት ነው። ዘኬዎስ አንዱን በሌላው አልተካውም። ለድሆች በመስጠቱ የበደላቸው ሰዎች ዕዳ ተሰረዘልኝ አላለም።

ካለን ላይ ማካፈልም ቢሆን እንደ ፈቃዳችን የምናደርገው ወይም የምንተወው ነገር አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የምናገኘው ባለጸጋ አልዓዛርን እንዳደኸየው ወይም እንደ ቀማው አልተጻፈም። የተፈረደበት በደጁ የወደቀውን ሰው እያየ ስላለፈው ነው። ቅዱስ ባስልዮስም በቀጰዶቅያ ድርቅና ረኃብ በሆነ ጊዜ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ሲገሥጽ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ከሚያስፈልገን በላይ ያከማቸነው እንጀራ የእኛ ሳይሆን የተራበው ሰው ነው።

ይህ ሥርዓት ለግለሰብ ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ያስተምረናል። ነቢዩ አጋቦስ ታላቅ ረኃብ እንደሚመጣ በመንፈስ አመለከተ፤ ረኃቡም በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ሆነ። ይህን የሰሙት የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች ላኩ። በአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ከአሕዛብ ወገን ያመኑ ብዙዎች ነበሩ፤ ይሁዳ ለእነርሱ የሩቅ ሀገር ነበረች። በዚያው ረኃብ ጊዜ የአዲያቤን ንግሥት ሄለና ከእስክንድርያ ስንዴ፣ ከቆጵሮስ ደግሞ የደረቀ በለስ አስገዝታ ለኢየሩሳሌም ሰዎች ማከፋፈሏን አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ መዝግቦታል። ስለዚህ በባዕድ ምድር የተራበን መርዳት የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። ንግሥቲቱ ከመዝገብ ቤቷ፣ የአንጾኪያ ምእመናን ከዕለት ገቢያቸው አደረጉት።

እነዚህን ሁለት ክፍያዎች፣ ማካፈልንና መካስን፣ ይዘን ወደ ሀገራችን ታሪክ እንመለስ።

ክፉ ቀን በድንበሩ ግራና ቀኝ

አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የጠሩት ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የቆየው ታላቅ ረኃብ ነው። የጀመረው በሰው ሳይሆን በከብት ላይ ነበር። ምጽዋን የያዘው የጣልያን ጦር ለሠራዊቱ ቀለብና ጭነት ከሕንድ ከብት አስመጣ። ከከብቶቹ ጋር በሀገራችን «ደስታ» እየተባለ የሚጠራው የከብት በሽታ አብሮ ገባ። በሽታው ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ ሀገሩን አዳርሶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ደረሰ። በኢትዮጵያ ከ10 ከብት 9 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል።

በሬ የሌለው ገበሬ ምን ያርሳል? ዝናቡም ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ። ሰው ቅጠልና ሥር እስከ መብላት ደረሰ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጎተራ ከማስከፈታቸው በላይ፣ ሕዝቡ ያለ በሬም ቢሆን እንዲቆፍር አርአያ ለመሆን ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው እንደ ቆፈሩ ታሪክ ይነግረናል።

በመተማ በኩል ደግሞ መከራው በመከራ ላይ ተደራርቦ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. በሐምዳን አቡ አንጃ የተመራው የድርቡሽ ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ሕዝቡን ማረከ። ዐፄ ዮሐንስ ወደ መተማ ከመዝመታቸው ጥቂት ወራት በፊት ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። የደብዳቤው ሐሳብ፣ በመካከላችን የሚደረገው ጦርነት ድሆችን ከመጨረስ በቀር ለሁለታችንም አይጠቅምም፣ ይልቁንም ከባሕር ማዶ በመጣው ጠላት ላይ እንተባበር የሚል ነበር። ሰላሙ ግን አልሆነም። መጋቢት 1 ቀን በመተማ የሁለቱ ሀገሮች ልጆች ተላለቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደቁ።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። በዚያው ጊዜ ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን ሕዝብም በታላቅ ረኃብ ያልቅ ነበር። ሱዳናውያን ያንን ጊዜ በሒጅራ አቆጣጠር 1306ን በማሰብ «ሰነት ሲታ» ማለትም «ስድስተኛዪቱ ዓመት» ብለው ያስታውሱታል። ድል አደረግሁ ያለው የጋላባት ጦር ራሱ በረኃብ መነመነ። እኛ «ክፉ ቀን» የምንለውና እነርሱ «ሰነት ሲታ» የሚሉት የአንድ ዘመን መከራ ሁለት ስም ነው።

በዚያ ክፉ ቀን ከሀብታሞቹ መንግሥታት ማን ደረሰልን? በመርከብ እህል ጭኖ ለሕዝባችን የመጣ መንግሥት አልነበረም። ይልቁንም የጣልያን ጦር ሀገሪቱ ንጉሥ አጥታና ተርባ ባለችበት ሰዓት ወደ ደጋው ወጣ፤ በ1881 ዓ.ም. አሥመራን ያዘ። ዘመኑ እንዲህ ነበር እንዳንል፣ የባዕድን ረኃብ መርዳት በዚያ ዘመን የማይታወቅ ነገር አልነበረም። ከ40 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1847፣ አየርላንድ በረኃብ ስትመታ የቱርኩ ሱልጣን አብዱልመጂድ ገንዘብ ልከው ነበር። ከምድራቸው ተፈናቅለው ገና ያልቋቋሙት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ቾክታዎችም 170 ዶላር አዋጥተው ልከዋል። ስለዚህ በ1881 ዓ.ም. የጠፋው ዕውቀት ሳይሆን ፈቃድ ነው። የተራበው ሕዝብ እንደ ባልንጀራ ሳይሆን እንደሚያዝ መሬት ታየ።

ከመቶ ዓመት በኋላ የተከፈለ ዕዳ

የጣልያን ጦር በሽታውን ሆን ብሎ አመጣው ማለት አይደለም። ነገር ግን ሳያውቁ ያደረሱት ጉዳትም ጉዳት ነው፤ ከጉዳዩ የተጠቀመ ሰው ሊክስ ይገባዋል። ታዲያ ይህ የዘኬዎስ ሁለተኛው ክፍያ ተከፍሎ ያውቃል? በከፊል አዎን፤ ታሪኩም ለወጣቶቻችን ሊነገር የሚገባው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአፍሪካ ሀገሮች የከብት «ደስታ»ን ከምድር ለማጥፋት በአንድነት ዘመቻ ጀመሩ። የዘመቻው ዋና ገንዘብ ሰጪ የአውሮፓ ኅብረት ነበር። ክትባቱ በቆላው ሙቀት ይበላሽ ስለ ነበር ሙቀት የሚችል ክትባት ተዘጋጀ፤ በአፋር ምድር መኪና በማይደርስበት ቦታ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ከተቡ። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በአፋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከዓለም ላይ ፈጽሞ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። በሰው ልጅ ታሪክ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ሆነ።

በአውሮፓውያን መርከብ የገባው በሽታ በአውሮፓውያን ገንዘብና በአፍሪካውያን ድካም ጠፋ። ይህን ሥራ ማንም «ካሳ» ብሎ አልጠራውም፤ እርዳታ ተባለ። እኛ ግን ታሪኩን የምናውቅ ስለሆንን በስሙ ልንጠራው እንችላለን። ማመስገን አይከለክለንም፤ የተመለሰ ዕዳም ምስጋና ይገባዋልና። ነገር ግን የተቀበልነው ምጽዋት ብቻ እንደ ነበረ አድርገን አንገታችንን አንድፋ።

የዛሬው ዘመን ጥያቄም ከዚህ አይለይም። ዓለምን የሚያሞቀው ጭስ በአብዛኛው የወጣው ከበለጸጉት ሀገሮች ፋብሪካና መኪና ነው፤ የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። ድርቁና ጎርፉ ግን በእኛም ደጅ ይመጣል። በቦረናና በሶማሌ ክልል በተከታታይ 5 የዝናብ ወቅቶች ዝናብ ቀርቶ ከብት ሲያልቅ አይተናል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በግብጽ ሻርም ኤል ሼክ በተደረገው ጉባኤ ሀገራት በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ ድሃ ሀገሮች «የጥፋትና ጉዳት» መቋቋሚያ ገንዘብ እንዲቋቋም ተስማሙ። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሀብታም ሀገሮች ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ100 ብር 70 ሳንቲም ያህሉን ለድሃ ሀገሮች ልማት እንዲሰጡ ግብ አስቀምጦ ነበር። ይህን የፈጸሙት እንደ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ሉክሰምበርግ ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ዘኬዎስ እኩሌታውን ሰጠ፤ ዓለም ከመቶው አንዱን እንኳ ለመስጠት ይከራከራል።

1977 ዓ.ም.፦ የዘገየ እጅና የተከፈተ በር

አባቶቻችንና እናቶቻችን በዓይናቸው ያዩት ረኃብ ደግሞ የ1977 ዓ.ም. ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ለዓለም ጥሪውን ያቀረበው በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ነበር። ዓለም የነቃው ግን ከሰባት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን መጠለያ በቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው። ምዕራባውያን መንግሥታት የመዘግየታቸው አንዱ ምክንያት በአዲስ አበባ የነበረው መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወገነ መሆኑ ነበር። መንግሥታችንም በበኩሉ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ያከብር ነበር፤ በጦርነት ቀጠናዎች ላሉት ወገኖችም እህል በነፃነት እንዳይደርስ አደረገ። በዚህ ሁሉ መካከል ያለቀው ሕዝብ ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል።

ካሜራው ከደረሰ በኋላ የመጣው እርዳታ ግን ታላቅ ነበር። አሜሪካ ከሁሉ በላይ ሰጪ ሆነች። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት ተደርጎ ከተራ ሰዎች ኪስ ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች ከፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ጋር ተባብረው መኪና በማይወጣባቸው ተራራማ ስፍራዎች እህል ጣሉ። በጦር መሣሪያ የሚተያዩ ሁለት ወገኖች ለተራበው ሲሉ በአንድ አየር ማረፊያ ሠሩ። ይህ ከተቻለ ከሰባት ወር በፊትም ይቻል ነበር ማለት ነው። በሰባቱ ወር ውስጥ ያለቁት ሰዎች የዘገየ ግዴታ ያስከፈለው ዋጋ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት በሩን የከፈተች አንዲት ሀገር ግን ነበረች። ከትግራይና ከጎንደር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በጉዞው ላይና በመጠለያዎቹ ብዙዎች አረፉ። በገዳሪፍ አካባቢ ያሉት እንደ ኡም ራኩባ ያሉ መጠለያዎች ወገኖቻችንን የተቀበሉት ሱዳን ራሷ በዳርፉርና በኮርዶፋን በድርቅ በምትራብበት ዓመት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በመተማ የተዋጋናቸው ሰዎች ልጆች፣ እነርሱም እየተራቡ፣ ተቀበሉን። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 የመቄዶንያን አብያተ ክርስቲያናት ያመሰገነው በጥልቅ ድህነታቸው ውስጥ ሳሉ አብዝተው ስለ ሰጡ ነበር። ጎረቤቶቻችንም በሃይማኖት ባይመስሉንም የመቄዶንያን ሥራ ሠርተውልናል። በጌታችን ምሳሌ በመንገድ የወደቀውን ያነሣው ሳምራዊም የባዕድ ወገን ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ሜክሲኮ

መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. የሜክሲኮ ዋና ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በፍርስራሽ ሥር ሞቱ። ኢትዮጵያ በዚያች ሰዓት ገና ከረኃቧ አልወጣችም ነበር። ነገር ግን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5,000 ዶላር ለሜክሲኮ ተጎጂዎች ላከ። ይህን የሰሙ የውጭ ሰዎች ተገረሙ። ምክንያቱ ግን ቀላል ነበር፤ ፋሽስት ጣልያን ሲወረን ሜክሲኮ ከጎናችን ቆማ ነበር። በመንግሥታት ማኅበርም ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት ሀገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ የሜክሲኮ አደባባይ፣ ሜክሲኮ ከተማ ውስጥም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ ለፈረሰች ከተማ ኢምንት ነበር። ነገር ግን በቤተ መቅደሱ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጌታችን እንዴት እንደ መዘናት ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 21 እናውቃለን። ያ ስጦታ አንድ ነገር አረጋገጠ፤ መርዳት የሀብታም ብቻ ሥልጣን አይደለም። ተረጂ የሆነ ሕዝብም በዚያችው ዓመት ረጂ ሊሆን ይችላል።

እንግዶቹ ወደ እኛ ሲመጡ

አሁን ታሪኩ ወደ ጀመርንበት ድልድይ ይመልሰናል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሥዑር፣ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። እኛ የትንሣኤውን ሌሊት ስንጠብቅ እነርሱ ቤታቸውን ጥለው ይሸሹ ነበር። ከዚያ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን፣ በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች ሀገሮች ዜጎች በመተማ በኩል ገቡ። ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱ። ጦርነት የተፈጥሮ አደጋ አይደለም፤ ነገር ግን ረኃብንና ወረርሽኝን ይዞ ይመጣል። በኩመር መጠለያም በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ኮሌራ ተነሣ።

በዚያው ሰዓት ሌላ ነገር ሆነ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ ለተረጂዎች የተላከው እህል በሰፊው ወደ ሌላ መንገድ መዞሩ ስለ ተደረሰበት ነው። እህሉ የተቋረጠባቸው ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ስደተኞችም ነበሩ። ለስደተኞች እንደገና የተጀመረው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። በመተማ መጠለያዎች ያሉት እንግዶች፣ በስርቆቱ እጃቸው የሌለበት ሰዎች፣ ሌላው በሠራው በደል ጦማቸውን አደሩ።

እዚህ ላይ ሁለት በደል አለ፤ አንዱን ብቻ አይተን ሌላውን ልንሸሽግ አይገባም። ስለ ሌባ ብሎ የተራበን ሕፃን እንጀራ መከልከል በደል ነው። ከተራበ ሕፃን አፍ ላይ እህል መስረቅም በደል ነው፤ ይህኛው የተፈጸመው ደግሞ በእኛው ሀገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲልክ፣ ስለ አደራው ማንም እንዳይነቅፈው በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ተጠንቅቆ፣ የታመኑ ወንድሞችን አብሮ እንደ ላከ እዚያው ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ ጽፏል። ስለዚህ ሰጪው የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፣ ተቀባዩና በመካከል ያለው አድራሽ የመታመን ግዴታ አለበት።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር ተፈጽሟል። በአካባቢው በነበረው ግጭት ምክንያት ስደተኞቹ በታጣቂዎች ተዘረፉ፣ ተጠቁ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩት መጠለያውን ጥለው በመንገድ ዳር በጫካ ለመስፈር ተገደዱ። የኡም ራኩባን ልጆች የተቀበሉት ሰዎች ልጆች በእኛ ምድር ላይ ሌሊት በፍርሃት አደሩ። እርግጥ ነው፣ የምዕራብ ጎንደር ሕዝብ ራሱ በችግር ውስጥ ነው፤ ያለውን ከእንግዳ ጋር የተካፈለ ብዙ ሰው መኖሩም እውነት ነው። ነገር ግን ታሪክ ሲጻፍ ሁለቱም ይጻፋል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የሀብታሞቹ እጅ እያጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች፤ በጁላይ ወርም ዩኤስኤድ የተባለው ድርጅቷ ተዘጋ። አንዳንድ የአውሮፓ መንግሥታትም በጀታቸውን ቀንሰዋል። ይህን ሰምተን «የራሳቸው ገንዘብ ነው፤ ምን ይደረጋል?» ልንል አይገባም። ብዙ የተሰጠው ብዙ እንደሚፈለግበት ጌታችን አስተምሯል፤ ይህም ቃል በሀገሮች ፊት አያጥርም። የመተማ ታሪክ ደግሞ ከማካፈል በላይ የመካስ ዕዳም እንዳለ ያሳየናል። ይህን በትሕትናና በዕውቀት መናገር ልመና አይደለም፤ ምስክርነት ነው።

ነገር ግን ይህን ለመናገር አፍ የሚኖረን እኛም ድርሻችንን ስንወጣ ነው። በአንጾኪያ እያንዳንዱ ሰው የሰጠው እንደ ችሎታው ነበር። ሀብታሙ ብቻውን ይስጥ አልተባለም፤ ድሃውም ይቅርብህ አልተባለም። ከመከር በኋላ ጥቂት ሰሊጥ ወይም ማሽላ ለአጥቢያው የችግረኞች መርጃ ማስቀመጥ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሙዳየ ምጽዋት በየወሩ በምእመናን ፊት ተቆጥሮ እንዲመዘገብ ማድረግ፣ በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመውን የቤተ ክርስቲያናችንን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ሥራ ማወቅና ማገዝ፣ በአካባቢያችን ያለውን ስደተኛ ቋንቋውና እምነቱ ቢለይም በሰላምታ መቀበል፣ የእርዳታ እህል ገበያ ላይ ሲሸጥ ስናይ አለመግዛት፤ እነዚህ ሁሉ በእያንዳንዳችን እጅ ያሉ ናቸው። በተለይ የመጨረሻው አንድ ብር አያስወጣም።

በመተማ ድልድይ ላይ ቆመን ስናስብ፣ በ1881 ዓ.ም. ሁለት የተራቡ ሕዝቦች ተጋደሉ፤ በ1977 ዓ.ም. አንዱ ሌላውን ተቀበለ፤ በ2015 ዓ.ም. ተራው የእኛ ሆነ። ነገ ደግሞ ዝናቡ በየትኛው ወገን እንደሚቀር፣ ማን ስንቁን ተሸክሞ ወደ የትኛው ማዶ እንደሚሻገር የምናውቀው ነገር የለም። ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ሀገራችን ሀብታም ወይም ድሃ መሆኗን አይደለም። ተርቦ አብልተነው፣ እንግዳ ሆኖ ተቀብለነው እንደሆነ ነው። ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲኖረን እግዚአብሔር አምላካችን ይርዳን። በድንበሩ ግራና ቀኝ ላሉት ወገኖቻችንም ሰላሙን ይስጥልን።